የማይስማሙት እንጨቶቹ አይደሉም፦ ስለ ተቀላቀለ እንጨት ተረትና እውነታ

ቁም ሳጥን፣ ቡፌ ወይም የወጥ ቤት መደርደሪያ ከአንድ ዓይነት እንጨት ካልተሠራ አይበረክትም የሚለው እምነት በእንጨት ሥራ ቤቶችም፣ በቤቱ ራሱ መጋዝ በሚያነሳው ሰውም ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ዋንዛ ከባህር ዛፍ፣ ዝግባ ከግራቪሊያ ጋር ከተገጠመ «እንጨቶቹ ይጣላሉ» ይባላል፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይሰነጠቃል፣ በሩ ይጣመማል፣ መሳቢያው አልሳብ ይላል።

እምነቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። እንጨት ውኃ ሲያጣ ይኮማተራል፣ ሲያገኝ ያብጣል፤ መጠኑም ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። ነጭ ባህር ዛፍ ከእርጥብነት ተነስቶ ጨርሶ እስኪደርቅ ድረስ ከወርዱ 10 በመቶና ከዚያም በላይ ሊያጣ ይችላል፤ ጥድና ዝግባ የሚያጡት ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሁለት ወፍራም ጣውላዎች፣ አንዱ ባህር ዛፍ ሌላው ዝግባ፣ ገጽ ለገጽ ተደራርበው በኮላ ቢጣበቁ የአየሩ እርጥበት በተለወጠ ቁጥር ይጎብጣሉ። የአሮጌው ምክር እውነት እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ አልፎ ግን ብዙ አይሄድም።

ሰፊው ልዩነት በሁለት ዛፎች መካከል ሳይሆን በአንዱ ዛፍ ውስጥ ይገኛል። ማንኛውም እንጨት በቁመቱ፣ ማለትም ጅማቱን ተከትሎ፣ የሚኮማተረው ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በወርዱ ግን ይህ ቁጥር በብዙ አሥር እጥፍ ያድጋል። ወርዱም ራሱ አንድ አይደለም፤ የዕድገት ቀለበቶቹን ዙሪያቸውን ተከትሎ የሚኮማተረው፣ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ጣውላዎች እንኳ፣ አንዱ ከልቡ በኩል ሌላው ከጎኑ ከተሰነጠቀ፣ የሁለት የተለያዩ ዛፎችን ያህል ሊለያዩ ይችላሉ። «ሁሉም ዋንዛ ነው» ማለት እንግዲህ «ሁሉም እኩል ይንቀሳቀሳል» ማለት አይደለም።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። እንጨት ሲደርቅ በውስጡ ያለው ውኃ ወደ ደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ድረስ መጠኑ አይለወጥም፤ መኮማተር የሚጀምረው ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። የክፍሉ አየር አንጻራዊ እርጥበት 65 በመቶ ሲሆን እንጨቱ 12 በመቶ ገደማ ውኃ ይዞ ይረጋል፤ አየሩ ወደ 35 በመቶ ሲወርድ 7 በመቶ ላይ ይቆማል። በክረምትና በበጋ መካከል የ4 ነጥብ ለውጥ ቢኖር፣ 40 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የባህር ዛፍ ገበታ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለወጣል። በጥቂቱ የሚኮማተረው እንጨት ግማሹን ያህል ይለወጣል። በዚያው ገበታ ላይ አግድም የተጣበቀው ማጠናከሪያ ግን፣ ጅማቱ የገበታውን ጅማት አቋርጦ ስለሚሄድ፣ የሚለወጠው አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ማጠናከሪያው ከዚያው ዛፍ፣ እንዲያውም ከዚያው ጣውላ የተቆረጠ ቢሆን ለውጥ የለውም። ገበታው መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። የሚጣሉት የእንጨት ዓይነቶች ሳይሆኑ አቅጣጫዎች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ያልደረቀ እንጨት ነው። 25 በመቶ ውኃ የያዘ የባህር ዛፍ ጣውላ ተገጥሞ ቤት ውስጥ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ፣ ያው 40 ሳንቲ ሜትር ገበታ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጣል። ይህን የሚቋቋም ኮላም ሚስማርም የለም። ደንበኛው የተሰነጠቀውን በር ይዞ ሲመለስ «እንጨቱ ስለተቀላቀለ ነው» የሚለው መልስ የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። መልሱ ለሠሪው እጅግ ይመቻል፤ ጥፋቱን ከእርጥብ ጣውላና ከችኮላ አንስቶ መናገር በማይችል እንጨት ላይ ያሳርፋል። ደንበኛውም አምኖ ሁለተኛውን ቁም ሳጥን «ንጹሕ ዋንዛ ብቻ» ብሎ ያዛል፣ ሁለት እጥፍ ይከፍላል፣ ያም እንጨት ካልደረቀ እንደገና ይሰነጠቅበታል። እያወቁ ይህን የሚያወሩ ባለሙያዎች ስህተቱን ሙያ አድርገው እየሸጡት ነው።

ጉዳቱ በኪስ ብቻ አያበቃም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል የተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ዛፎቹ ምን ያህል እንደተመናመኑ ከዚህ ይታያል። የማይታየውን የቁም ሳጥን ጀርባና የመሳቢያ ወለል ሁሉ ከዋንዛ መሥራት እንግዲህ ከንቱ ብክነት ነው። ጥንታውያኑ አናጺዎችም እንዲህ አላደረጉም። በ1922 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በተገኘው የግብፁ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ዞጲና የዝሆን ጥርስ ከሌላ እንጨት ጋር የተዋደዱባቸው ሣጥኖች ወጥተዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የተሠሩ ባለ መሳቢያ ቡፌዎችም ፊታቸው ማሆጋኒ ወይም ዋልነት፣ ውስጣቸው ርካሽ ፓይን ነው፤ ዛሬም በየሙዚየሙ ቆመዋል።

እነዚያን ሥራዎች ያቆያቸው አገጣጠማቸው ነው። ሰፊው የበር ገበታ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ገብቶ፣ ለማበጥና ለመኮማተር ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለታል። የቡፌው የላይ ገበታ ከሥሩ በሞላላ ቀዳዳ ውስጥ በገባ ብሎን ይያዛል፤ ብሎኑ ያጠብቃል፣ ቀዳዳው ግን ያንሸራትታል። ጎን ለጎን የሚጣበቁ ጣውላዎች ጅማታቸው በአንድ አቅጣጫ ከሄደ ዓይነታቸው ቢለያይም አይጎዳም፤ ቢበዛ በመጋጠሚያው ላይ በጣት የሚዳሰስ ትንሽ ከፍታ ይፈጠራል። ፕላይውድ ስስ ንጣፎቹ ጅማት እያቋረጡ ስለሚደራረቡ በጣም ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ ለጀርባና ለመሳቢያ ወለል ይመረጣል። እንጨቱ መድረቁን ለማወቅ ደግሞ ቁራጩን በየሳምንቱ መመዘን ይበቃል፤ ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል። «ዓመት ሙሉ ተቀምጧል» የሚለው ምስክርነት ግን ዝናብ ላይ የተቀመጠውንም ያካትታል።

ሌሎቹ ተረቶች ባጭሩ የሚታለፉ ናቸው። ጠንካራ ኮላ እንቅስቃሴን ያቆማል ይባላል፤ ጥሩ ኮላ ከእንጨቱ ሊጠነክር ስለሚችል ስንጥቁን ከመጋጠሚያው አጠገብ ወዳለው እንጨት ያዛውረዋል እንጂ አያስቀረውም። ቫርኒሽ ውኃ አያስገባም ይባላል፤ የሚያደርገው ማዘግየት ነው፣ በአንድ ገጽ ብቻ ሲቀባ ደግሞ ሁለቱ ገጾች በተለያየ ፍጥነት ደርቀው ጣውላውን ያጣምማሉ። ባህር ዛፍ አጠገብ የሚታየው ጥቁር እድፍ «እንጨቱ የለቀቀው ቀለም» ተደርጎ ይወሰዳል፤ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የብረት ሚስማር ከእርጥበትና ከእንጨቱ ታኒን ጋር መገናኘቱ ነው፣ ዚንክ የተቀባ ብሎን ያስቀረዋል።

ጠንካራው እንጨት ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውም ቦታውን ካላገኘ ተረት ነው። የመሳቢያው መሄጃ ከጠንካራ እንጨት ቢሠራ ያስኬዳል፤ ጀርባው ግን ከከባድ እንጨት ሲሠራ ክብደት ከመጨመር በቀር ጥቅሙ አይታይም። በቀለም አንዱን ከሌላው ማመሳሰልም ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ቼሪ በብርሃን ይጠቁራል፣ ዋልነት ይነጣል፣ በተመሳሳይ ቀለም የተቀቡት ሁለቱ ከዓመታት በኋላ በየመንገዳቸው ይሄዳሉ። ከመጀመሪያው ልዩነቱን እያሳዩ መሥራት የተሻለ ነው። በመጨረሻ፣ አንድ የጥድ ጣውላ ቁም ሳጥኑን ሁሉ ከምስጥ ይጠብቃል የሚባለው፦ የጥድ ልብ በተፈጥሮ ዘይቱ ምስጥን ይከላከላል፣ ግን ራሱን ብቻ፤ ከጎኑ ያለውን ባህር ዛፍ ምስጡ እንደ ልማዱ ይበላል፣ የጥዱን ነጭ የውጭ ክፍልም አይተውም።