ሳታነቡ አትፈርሙ

እህቶቼ፣ ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ የመኪና አደጋ ሲደርስብን ምን ማድረግ እንደምንችል ተነጋግረን ነበር። ዕረፍት አጥታችሁ ያልመጣችሁ ብዙ ስለሆናችሁ፣ የተናገርኩትን በጽሑፍ እንድሰጥ ተጠየቅሁ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ራስ ቤሩት ውስጥ ሰው ቤት ስሠራ የኖርኩ፣ ዓረብኛ ስለምችል በሆስፒታልና በፖሊስ ጣቢያ ለእህቶች የማስተረጉም ሰው ነኝ። ከምነግራችሁ ግማሹን ከጠበቆች ሰምቼዋለሁ። ግማሹን ግን ከራሴ ስብራት ነው የተማርኩት።

ሊራው ከመውደቁ በፊት ነው። በዕረፍቴ ቀን ዶራ ወርጄ፣ በርበሬና ቡና ገዝቼ፣ በሰርቪስ ወደ ሐምራ ስመለስ ነበር። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ቀስ እያለ ይሄዳል። ሾፌራችን ትዕግሥት አጣ። በግራ በኩል ቦታ ሲያጣ በቀኝ ደርቦ ለማለፍ ወጣ፤ እዚያ ደግሞ ዳር ይዞ የቆመ መኪና ነበር። እኔ የማስታውሰው ድምፁን ብቻ ነው። ቀኝ እጄ ተሰበረ።

ሆስፒታል ጄሶ ታስሮልኝ ስቀመጥ አንድ ደህና የለበሰ ሰው መጣ። «ሐምደላ ዓሰላሜ» አለኝ፣ ጭማቂ ገዛልኝ፣ ፖስታም ሰጠኝ። ውስጡ 300,000 ሊራ ነበር፤ ያኔ 200 ዶላር ያህል ነው። «እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ። ማዳምም «ፈርሚና እንሂድ» አለችኝ። በግራ እጄ ፈረምኩ። ከሁለት ወር በኋላ አጥንቱ ጠሞ እንደገጠመና ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልገኝ ተነገረኝ። ጠበቃ ዘንድ ስሄድ ፋይሌን አይታ፣ የፈረምኩት ወረቀት «ኢስቃት ሐቅ» እንደሚባል ነገረችኝ። በአማርኛ መብትን መተው ማለት ነው። ያ እጅ ዛሬም ልብስ መጭመቅ አይችልም።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ በአደጋው ሰሞን የሚቀርብላችሁን ወረቀት፣ የሚታመን ሰው ሳያነብላችሁ አትፈርሙ።

ሕጉ ምን ይላል? የሊባኖስ የትራፊክ ሕግ ቁጥር 243 በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወጥቶ በ2015 ሥራ ላይ ውሏል። ሾፌር ሌላውን የሚቀድመው በግራ በኩል፣ መንገዱ ነፃ መሆኑን አይቶ ነው። ፊቱን በማያይበት ኩርባና ዳገት ላይ፣ ወይም እግረኛ ለማሳለፍ የቆመን መኪና ደርቦ ማለፍ ጥፋት ነው። በዚህ ጥፋት ሰው ከቆሰለ ወይም ከሞተ ነገሩ ከቅጣት ወረቀት ያልፋል። በ1943 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ይቀጣል፤ አንቀጽ 565 ደግሞ በቸልተኝነት ያቆሰለውን ይመለከታል።

ካሳውን በሚመለከት በ1932 የወጣው የግዴታዎችና የውሎች ሕግ አለ። አንቀጽ 122 ያለአግባብ ሌላውን የጎዳ ሁሉ ይክፈል ይላል። «ሌላውን» ነው የሚለው፤ «ሊባኖሳዊውን» አይልም። አንቀጽ 131 ደግሞ መኪናውን በእጁ የያዘውን ሰው ተጠያቂ ያደርገዋል። እግረኛ ሆናችሁ ከተገጫችሁ ጥፋተኛነቱን እንድታረጋግጡ አትገደዱም፤ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር እንደገጠመው ወይም ጥፋቱ የእናንተ እንደሆነ ማስረዳት ያለበት እርሱ ነው። ከፍላችሁ የተሳፈራችሁ ከሆነም፣ ሾፌሩ በደህና ሊያደርሳችሁ ግዴታ አለበት። ተሳፋሪ መሪ አልያዘችም፤ «አንቺም አለሽበት» ቢሏችሁ አትደንግጡ።

የመጀመሪያው ሰዓት። አምቡላንስ ለመጥራት ቀይ መስቀል 140 ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፖሊስም አይደለም። የፖሊስ ቁጥር 112 ነው። መኪኖቹ ሳይነሱ ፎቶ አንሱ፣ ወይም አጠገባችሁ ያለውን ሰው አስነሡ። ታርጋው ከነፊደሉ ይታይ፤ ቀይ ታርጋ የሕዝብ ማመላለሻ ነው። የሾፌሩን መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንሱን ወረቀትም አንሱ። ያየ ሰው ካለ ስልኩን ተቀበሉ። ብዙ ጊዜ ከፖሊስ በፊት «ኸቢር» የሚባል ሰው ይመጣል። ሰውየው ትሑት ሊሆን ይችላል፤ ግን የኢንሹራንስ ሰው መሆኑን አትርሱ። የእርሱ ወረቀት ስለ መኪናው ነው። ሰው ከተጎዳ ፖሊስ መጥቶ «መህደር» መጻፍ አለበት። ከእኛው «ማኅደር» ጋር ስለሚቀራረብ ቃሉ አይጠፋችሁም። «ቢዲ መህደር» በሉ፤ መህደር እፈልጋለሁ ማለት ነው። ያ ጽሑፍ ከሌለ ነገ «አደጋ አልነበረም» ሊባል ይችላል።

ሆስፒታል። ብዙ ሆስፒታሎች አስቀድመው መያዣ ገንዘብ ይጠይቃሉ። እዚህ አገር እያንዳንዱ መኪና «ኢልዛሚ» የሚባል የግዴታ ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። የሚሸፍነውም መኪናው በሌላ ሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው። ስለዚህ የኢንሹራንሱን ስም ለሆስፒታሉ ንገሩ። ከ2009 ጀምሮ ባለው የቤት ሠራተኞች ወጥ ውል መሠረት አሠሪያችሁም ኢንሹራንስ ልትገባላችሁ ግዴታ አለባት፤ እርሱንም ጠይቁ።

ቀጥሎ «ጠቢብ ሸርዒ»፣ ማለትም ለፍርድ ቤት የሚመሰክር ሐኪም እንዲያያችሁ ጠይቁ። እርሱ ስንት ቀን ከሥራ እንደምትቀሩ ይጽፋል። ያ ቁጥር ቀላል አይደለም። ከ10 ቀን የማይበልጥ ከሆነ ክሱ የሚንቀሳቀሰው በእናንተ አቤቱታ ብቻ ነው፤ እናንተ ዝም ካላችሁ ነገሩ አለቀ። ከ10 ቀን ከበለጠ መንግሥት በራሱ ሊከስ ይችላል። ስለዚህ የሚያማችሁን ሁሉ ተናገሩ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» የምንለውን ልማዳችንን ለዚያች ቀን ተዉት።

ሦስት መንገድ አላችሁ። አንደኛው ከኢንሹራንሱ ጋር መስማማት ነው። ፈጣን ነው፤ ግን ሕክምናው ሳያልቅ ሒሳቡ አይታወቅም። ሁለተኛው በወንጀሉ ክስ ውስጥ ገብቶ ካሳውን እዚያው መጠየቅ ነው፤ ይህን ክስ የሚያየው ነጠላ ዳኛ የተቀመጠበት የወንጀል ችሎት ነው። ሦስተኛው በፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ካሳ ብቻ መጠየቅ ነው። ይህ ረጅም ነው። በማንኛውም መንገድ አትዘግዩ፤ እንዲህ ያለው የወንጀል ክስ በ3 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ወደ አገር ቤት መመለስ ካለባችሁም ነገሩ አይሞትም። «ካቲብ ዐድል» ዘንድ ሄዳችሁ ለጠበቃ ውክልና ስጡ፤ ሲነበብላችሁም አስተርጓሚ ይኑር።

አሁን ስለ ፍርሃታችን ልናገር። ኢቃማ የሌላት እህት ፖሊስ ፊት ስትቀርብ ልትያዝ ትችላለች። ይህን ደብቄ «አይዟችሁ፣ ሂዱ» አልላችሁም። ግን የካሳ መብታችሁ ከኢቃማ የመጣ አይደለም፤ ከተሰበረው አጥንት የመጣ ነው። ብቻችሁን አትሂዱ። አስቀድማችሁ የካሪታስን የስደተኞች ማዕከል፣ የቤሩት ጠበቆች ማኅበርን የነፃ ሕግ ድጋፍ ክፍል ወይም ቆንስላችንን አማክሩ። ፓስፖርታችሁ ማዳም ዘንድ ከሆነም ዛሬውኑ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አኑሩ፤ ለምታምኗት ጓደኛም ላኩላት።

ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን ዓይን ምሬሴ የቤቱን ውሻ ይዛ መንገድ ስትሻገር አንድ መኪና ቆሞ አሳለፋት። ከኋላው ያለው ግን የቆመውን ደርቦ ወጣና ገጫት። ማታውኑ ሆስፒታል ፖስታ መጣላት። ስልክ ደወለችልኝና «ማ ብምዲ በይ» አልኳት፤ አልፈርምም ማለት ነው። ሰውየው ተቆጣ፤ ማዳምም ተቆጣች። እርሷ እያለቀሰች አልፈረመችም። ከሰባት ወር በኋላ፣ ሐኪሙ ሕክምናሽ አልቋል ካላት በኋላ ፈረመች። ጠበቃ አንብቦላት፣ እኔ ተርጉሜላት፣ የሆስፒታሉ ወጪና ያልሠራችበት ደመወዝ በዝርዝር ተጽፎ ነው። ገንዘቡም በሊራ ሳይሆን «ፍሬሽ ዶላር» ተብሎ ተጻፈ፤ ሊራ ምን እንዳደረገን ታውቃላችሁና።

አገር ቤት መኪና ሰው ሲገጭ ሽማግሌ ይላካል፤ ዕርቅ ደም ያደርቃል እንላለን። ያ መልካም ልማዳችን ነው። ዕርቅ ግን ሁለቱም ወገን የተነጋገሩትን ሲያውቁት ነው። አንዱ አንብቦ ሌላው ሳያነብ የሚፈረም ወረቀት ዕርቅ አይባልም። እኔ በግራ እጄ የፈረምኩት እንዲህ ያለውን ነበር።

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ አትጣሉት። እሑድ ከቤት መውጣት ለማትችል ጎረቤታችሁ በበረንዳ አቀብሏት። ማንበብ የማትችል ካለች ሦስቱን ነገር ብቻ ንገሯት፦ 140፣ «ቢዲ መህደር»፣ «ማ ብምዲ»።