ፀሐይ በሰሜን ተራራ ትጋረዳለችን?

ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ ፀሐይ ወጥታ እንደምትገባ፥ ወደ መውጫዋም እንደምትቸኩል ተናገረ። ነቢዩ ሄኖክም ለፀሐይ በምሥራቅ 6 በምዕራብ 6 ደጆች እንዳሏት፥ ከገባችም በኋላ በሰሜን ዞራ ወደ ምሥራቅ እንደምትመለስ ጻፈ። እንዲህ ካለው ቃል የተነሣ ምድር እንደ ገበታ ዝርግ ናት፥ ሌሊትም የሚሆነው ፀሐይ በምድር ዳር ስትሰወር ነው የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል።

ከእነዚህ አንዱ የእስክንድርያው ነጋዴ ቆዝሞስ ነው። ይህ ሰው በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ካሌብ ዘመነ መንግሥት ወደ አዱሊስ መጥቶ በዚያ በድንጋይ የተቀረጸውን ጽሕፈት ገለበጠ። ኋላም በጻፈው መጽሐፍ በሰሜን ታላቅ ተራራ አለ፤ ፀሐይ ከበስተኋላው ስትገባ ይመሻል፤ በጫፉ በኩል ስታልፍ ሌሊቱ ያጥራል፥ በግርጌው ስታልፍ ይረዝማል አለ። በዚያው ዘመን በእስክንድርያ የነበረው ዮሐንስ ፊሎጶኖስ ግን ምድር ድብልብል ናት ብሎ ያስተምር ነበር።

ይህን ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያሻም። ከ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል በኋላ በዐፄ ምኒልክ በታነጸው፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ በደፉበት፥ ከፒያሳ አጠገብ ባለው በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቅጽር የቆመ ሰው በእኩለ ቀን ጥላው በታኅሣሥ ወደ ሰሜን፥ በሰኔ ግን ወደ ደቡብ ሲወድቅ ያያል። የፀሐይ መውጫም ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ወደ ሰሜን፥ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ወደ ደቡብ ይሄዳል። የሄኖክ ደጆች እነዚህ ናቸው፤ በ6ቱ ሄዳ በ6ቱ ብትመለስ 12 ወር ይሆናልና። ነቢዩ በዓይን የሚታየውን የወራት ሥርዐት ነገረ እንጂ የምድርን ቅርጽ አልለካም።

የቆዝሞስ ተራራ ግን በዚህ ይፈርሳል። በሰኔ 14 ቀን የቀኑ ርዝመት በአራዳ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው። በዚያው ቀን በፓሪስ 16 ሰዓት፥ በአፍሪቃ ደቡብ ዳርቻ በኬፕታውን 10 ሰዓት ያህል ይሆናል። ሌሊትን የሚያመጣው የአንድ ተራራ መጋረጃ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን ለአንዱ አገር ሲያጥር ለሌላው ባልረዘመም ነበር። ይህ የሚሆነው ምድር ድብልብል ሆና በራሷ ላይ ስለምትዞር፥ በፀሐይም ዙሪያ ዘንበል ብላ ስለምትሄድ ነው። በሰኔ የሰሜኑ ወገን ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፥ በታኅሣሥ የደቡቡ። በታንኳ የሚሄድ ሰው ዳርቻው የሚሸሽ እንዲመስለው፥ በምድር ላይ ላለውም ፀሐይ የምትሄድ ትመስለዋለች።

እንግዲህ መጽሐፍ ሐሰት ተናገረን? አልተናገረም። ኢያሱ በገባዖን ፀሐይን ቁሚ ሲል በሕዝቡ ፊት፥ ሕዝቡ በሚያውቀው አነጋገር ጸለየ። አንድም ታላቁ ባስልዮስ የስድስቱን ቀን ፍጥረት ሲተረጕም ሙሴ የምድርን ቅርጽ ያልተናገረው ለነፍስ ስለማይጠቅም ነው ብሎ አስተማረ። ኢዮብም እግዚአብሔር ምድርን ያለ ምንም ማንጠልጠያ እንዳንጠለጠላት መሰከረ።

ስለዚህ መምህር ሊጠነቀቅ ይገባዋል። የነጋዴውን ተራራ ከሃይማኖት ጋር አንድ አድርጎ ያስተማረ እንደ ሆነ፥ ደቀ መዝሙሩ እውነቱን በተረዳ ጊዜ ተራራውን ሲጥል ሃይማኖቱንም አብሮ ይጥላል፤ ዕዳውም በመምህሩ ላይ ይሆናል። የእግዚአብሔር ቃል የቆመው በቆዝሞስ ተራራ ላይ አይደለምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።