ከፖስታ ሳጥን እስከ መናኸሪያ፦ ደብዳቤና ዕቃ አጋሮ የሚደርስበት መንገድ

በኢትዮጵያ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ባለቤቱ ፖስታ ቤት ሄዶ ይወስደዋል። ግለሰብም ሆነ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ኪራይ እየከፈለ ቁጥር ያላት አንዲት ሳጥን ይይዛል፤ ቁልፏም በእጁ ነው። አድራሻ የሚባለውም በደብዳቤ ራስጌ «ፖ.ሣ.ቁ.» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥርና የከተማው ስም ነው። ሳጥን የሌለው ሰው ደብዳቤው «በእገሌ በኩል» ተብሎ ይመጣለታል። እገሌ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሳጥን የተከራየ ነጋዴ ነው። ሬኮማንዴ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ የሚገኘው መጥሪያ ወረቀት ብቻ ነው፤ ተቀባዩ መታወቂያውን ይዞ መስኮቱ ጋ ይቀርባል፣ ፈርሞም ይወስዳል። ከውጭ የመጣ ጥቅል ደግሞ የጉምሩክ ፍተሻ አለበት።

አሠራሩ የአገሪቱን ፖስታ ያህል ዕድሜ ካላቸው ችግሮች የመነጨ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታን ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሥራው ስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው አልፍሬድ ኢልግ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ፈረንሳይ አገር የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ይታያል። ከዚያ በፊት ደብዳቤ የሚያደርሰው እግረኛ መልእክተኛ ነበር። ወረቀቱን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ ይጓዛል፤ በትሩን ያየ ሁሉ የመልእክት ሰው መሆኑን ያውቃል። ቴምብሩ ከመጣ በኋላም ቢሆን ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ በአገሩ ቴምብር ብቻ ከጅቡቲ አያልፍም ነበር፤ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበታል።

ፖስታ ቤቱ በየከተማው ቢከፈትም ከበሩ ወዲያ የሚያደርሰው አድራሻ አላገኘም። በጅማ ሰው ቤቱን የሚያመለክተው ፈረንጅ አራዳ፣ ሕርማታ፣ ቆጪ እያለ በሰፈር ስም ነው። ቀበሌ የሰጠው የቤት ቁጥር ቢኖርም የሚጠቅመው ለመታወቂያና ለግብር እንጂ ቤት ለመፈለግ አይደለም፤ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ላይገኙ ይችላሉና። ከጅማ በበደሌ መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአጋሮም ነገሩ ያው ነው። እንግዳ የሚመራው «ከመስጊዱ አለፍ ብሎ፣ ከቡና ማበጠሪያው ፊት ለፊት» እየተባለ ነው።

ይህን ክፍተት የዘጋው ሞባይል ስልክ ነው። በሌላው ዓለም ኢንተርኔትና ስልክ ፖስተኛውን ሥራ ሲያሳጡ፣ እዚህ ግን ፖስተኛ ባልነበረበት ቦታ ዕቃ ቤት ድረስ እንዲመጣ አድርገዋል። ቦታ መግለጽ ሲያስቸግር፣ ተቀባዩ የትም ቢሆን የሚገኝበት ቁጥር የአድራሻውን ሥራ ተረክቧል።

የዕቃው ዋና መንገድ የሕዝብ አውቶቡስ ነው። አዲስ አበባ መርካቶ ያለ ላኪ ጫማውን፣ መድኃኒቱን ወይም የሞተር ሳይክል መለዋወጫውን በማዳበሪያ ወይም በካርቶን ያሽጋል፤ በፕላስተር ዙሪያውን ይጠመጥማል። ላዩ ላይ በማርከር ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ስም፣ «አጋሮ» እና ስልክ ቁጥር። ስሙ በፊደል ወይም በቁቤ፣ አንዳንዴም በሁለቱም ይሆናል፤ ቁጥሩ ግን ሁለት ጊዜ፣ ጎላ ብሎ ይጻፋል፤ ስሙ ቢጠፋ ዕቃው ይደርሳል፣ ቁጥሩ ከጠፋ ግን አይደርስም። ላኪው ከረዳቱ ጋር በሒሳብ ይስማማል፤ ከዚያ የዕቃውንና የታርጋውን ፎቶ አንስቶ፣ የሾፌሩን ስልክ ጨምሮ በቴሌግራም ለተቀባዩ ይልካል። ደረሰኝ ቢባል ይኸው ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጉዞው አብዛኛውን ቀን ይወስዳል። አውቶቡሱ ጅማ ላይ የሚያበቃ ከሆነ ዕቃው ወደ አጋሮ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ይዛወራል፤ ረዳቱ ለረዳት ያስረክባል።

አጋሮ መናኸሪያ ሲደርስ ስልክ ይደወላል። ርክክቡም በስልክ ነው፦ ረዳቱ ዕቃው ላይ ያለውን ቁጥር ይደውላል፣ ፊቱ የቆመው ሰው ስልክ ከጮኸ ዕቃው የእሱ ነው። ከብዙ ፊርማ ይልቅ ይህ አስተማማኝ ሳይሆን አይቀርም። መምጣት ያልቻለ ሰው ለሚያውቀው ባጃጅ ነጂ ይደውላል፤ ዕቃው ደጁ ድረስ ይመጣለታል። ሒሳቡ፣ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ነጂውና ባለዕቃው ሳይተያዩም ሊከፈል ይችላል።

የመንገዱ ድክመት ዕቃው ሲጠፋ ይታያል። ረዳቱ «አወረድኩት» ካለ ካሳ የሚጠየቅበት ሰነድ የለም፤ የሚይዘው የመስመሩ ሰው ስሙን ላለማጥፋት የሚያደርገው ጥንቃቄ ብቻ ነው። ስለዚህ ውድ ነገር፣ በተለይ ወርቅና የትምህርት ማስረጃ፣ አሁንም በሚታመን ሰው እጅ በአደራ ይላካል። ከሳዑዲ ዓረቢያና ከቤይሩት ልጆች ለቤተሰብ የሚልኩት ዕቃም ብዙው በተጓዥ ሻንጣ ወይም በካርጎ አዲስ አበባ ይገባና ከዚያ ወዲያ ይህንኑ መንገድ ይይዛል።

አውቶቡሱ ሲመለስ ባዶውን አይመለስም፤ ቅቤ፣ ማር፣ ለዘመድ የሚሆን ቡና ይዞ ነው። ቡናው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ማዘዋወር በሕግ ስለሚያስጠይቅ፣ ለቤት ከሚሆነው መጠን ያለፈ ከሆነ ኬላ ላይ ሊወረስ ይችላል። ለገዢ የሚላከው የቡና ናሙና ሌላ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ የወጣውን ዱሮሚናን የመሳሰሉ የአጋሮ ማኅበራት ቡና፣ ጭነቱ በመርከብ ከመሄዱ በፊት በጥቂት መቶ ግራም ናሙና ይቀመሳል። ናሙናው ከአዲስ አበባ በዓለም አቀፍ ኩሪየር ይጓዛል፤ ኮንቴይነሩ ባሕር ላይ ሳምንታት ሲፈጅ እሱ በቀናት ይደርሳል።

የግል ደብዳቤ ከቀነሰ በኋላ ለፖስታ ቤት የቀረው ማኅተምና ፊርማ የሚፈልገው ጉዳይ ነው። የፍርድ ቤትና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በሬኮማንዴ ይሄዳል፤ አስቸኳይ ሰነድ በኢኤምኤስ ይላካል። የፋይዳ መታወቂያ ካርድን አሳትሞ ለባለቤቱ ማስረከብም ከአዲሶቹ ሥራዎቹ አንዱ ሆኗል። በዴንማርክ ከ400 ዓመት በላይ ደብዳቤ ሲያድል የኖረው የመንግሥት ፖስታ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ደብዳቤ ማደሉን አቁሞ ወደ ጥቅል ብቻ ዞሯል፤ ቀዩን የመንገድ ሳጥኑንም ነቅሏል። የኢትዮጵያ ፖስታ ቤት የሚነቅለው የቤት ለቤት መስመር አልነበረውም። ጥቅሉን ግን ከአውቶቡስ ረዳት ጋር ይሻማል፤ ደረሰኝና ኃላፊነት አለው፣ ረዳቱ ደግሞ ዕለቱን ይደርሳል።