የሳምንቱ ቃል፦ ዋለለ



ባለፈው ቅዳሜ ለልጆቹ የጣና ሐይቅን ታንኳ ሥዕል አሳየናቸው። ታንኳው የሚሠራው ከደንገል ነው። የደንገል ግንድ ውስጡ አየር ስላለው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ቢያስቀምጥስ? ታንኳው አይሰጥምም፤ ግን ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል። ይሄኔ «ታንኳው ዋለለ» እንላለን።

ልጆቻችን ብዙ ጊዜ ሁሉንም «ዋኘ» ይሉታል። ልዩነቱን አብራችኋቸው ተለማመዱ፦

ዋኘ — በራሱ ጉልበት ውሃ ውስጥ ሄደ።
ተንሳፈፈ — ሳይሰጥም ከላይ ቆየ።
ዋለለ — አቅጣጫ አጥቶ ወዲያ ወዲህ አለ።

ቃሉ ከውሃ ወጥቶ ለሰውም ይሆናል። መወሰን ያቃተው ሰው «ልቤ ዋለለ» ይላል። ትምህርት ላይ ቁጭ ብሎ ሌላ ነገር የሚያስበውን ልጅም «ሐሳብህ ይዋልላል» እንለዋለን።

ይህን ስናስረዳ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔ ከአያቴ ጋር በስልክ ሳወራ ቃል ይጠፋኝና እዋልላለሁ» አለች። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ እኛም አልነበረንም።

ስለዚህ አደራ! ልጃችሁ ቃል ሲጠፋው ስልኩን ተቀብላችሁ አትጨርሱለት። የጎደለችውን አንዲት ቃል ብቻ ሹክ በሉት፤ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ይጨርስ።

የቤት ሥራ፦ ሳፋ ላይ ውሃ ሞልታችሁ ማንኪያና ቡሽ ጣሉበት። የቱ ሰጠመ? የቱ ተንሳፈፈ? እፍ ስትሉበትስ የቱ ዋለለ? ልጆቹ በአማርኛ ይንገሯችሁ።

ቅዳሜ ያገናኘን!