ዋናው ይኑር፣ ቅጂው ይጓዝ

እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከዳካር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ሲያቀና ጎንደር ገብቶ ነበር። ቡድኑ በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩትን የጥንት ሥዕሎች አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። በምትካቸውም የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተተከሉ። ሥዕሎቹ የተሣሉት በጨርቅ ላይ ሆኖ ጨርቁ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስለ ነበር ለመነሣት ተመቹ። ዛሬም ያሉት ፓሪስ፣ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው።

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ። ቅጂው ጎንደር ቀረ፤ ዋናው ባሕር ተሻገረ። ቅጂ መሥራት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የተገለበጠው ተራው ነው። ትክክለኛው ተራ ዋናው በቦታው ሲኖር፣ ቅጂው ደግሞ ላላየው ሰው ሲጓዝ ነው። ነገ ደባርቅ ወይም ጃናሞራ የምንመደብ እጩ መምህራን ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕሎች ስናስተምር ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ጎንደር መጥተው ያላዩ ይሆናሉ። ታዲያ ምን እናሳያቸው?

ለዚህ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ በጃፓን ባህላዊ ወረቀት ላይ በትልቅ ማተሚያ ሥዕልን ማተም ነው። አሠራሩን በሦስት ከፍለን እንመልከት።

አንደኛ፣ ወረቀቱ። ጃፓኖች ዋሺ ይሉታል። ከእንጨት ዱቄት ሳይሆን ኮዞ፣ ሚትሱማታና ጋምፒ ከሚባሉ ቁጥቋጦዎች የውስጥ ልጥ ይሠራል። ልጡ ይላጣል፣ በአመድ ውሃ ወይም በመሳሰለው ይቀቀላል፣ ይታጠባል፣ ጉድፉ በእጅ ይለቀማል፣ ከዚያም ይደቆሳል። የተደቆሰው በገንዳ ውሃ ውስጥ ተበትኖ ከአንድ ተክል ሥር የሚወጣ አዝለግላጊ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ሠራተኛው በቀርከሃ ወንፊት እየቀዳ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው ጭረቱ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። ውሃው ሲጠፍ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ይህን ጥበብ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጽፎታል።

ምሥጢሩ ያለው በጭረቱ ርዝመት ነው። የጭቃ ግድግዳ ስንመርግ ጭድ የምንጨምረው ለምንድነው? ጭዱ ጭቃውን አያይዞ እንዳይሰነጠቅ ስለሚያደርገው ነው እኮ። የኮዞም ጭረት ከተራው የእንጨት ወረቀት ጭረት በብዙ እጥፍ ስለሚረዝም ዋሺ ስስ ሆኖ ሳለ ቶሎ አይቀደድም። በዓለም ላይ የተቀደዱ የጥንት መጻሕፍትን የሚጠግኑ ባለሙያዎች የሚጠቀሙትም ይህንኑ ወረቀት ነው። የጋዜጣ ወረቀት ግን ፀሐይ ካገኘው ብዙ ሳይቆይ ቢጫ ይሆናል፤ ይሰባበራልም።

ሁለተኛ፣ ገጹ። ብራና ፋቂ የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆና አለስልሶ ካላዘጋጀው ጸሐፊው ምንም ቢጠበብ ጽሑፉ አያምርም። ዋሺም እንዲሁ ነው። እንዳለ ቢታተምበት ነጠላ ላይ እንደ ፈሰሰ ቡና ቀለሙ በጭረቱ እየተሳበ ይሰራጫል፤ የመልአኩ ዓይን ጭጋግ ይሆናል። ስለዚህ ለማተሚያ የሚሆነው ዋሺ ቀለሙን ባረፈበት የሚይዝ ስስ ቅብ አስቀድሞ ይቀባል።

ሦስተኛ፣ ቀለሙና ማተሚያው። ማተሚያው ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጠብታዎችን እየረጨ ሥዕሉን መስመር በመስመር ይሠራል። ትልልቆቹ 61 ወይም 112 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቅል ወረቀት ይቀበላሉ። ቀለሙ ሁለት ዓይነት ነው፦ በፈሳሹ ውስጥ የሚሟማና ሳይሟማ በደቃቅ ቅንጣት የሚቀመጥ። ሁለተኛው ፒግመንት ይባላል፤ በብርሃን ቶሎ ስለማይደበዝዝ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው እሱ ነው። ባለሙያው ከማተሙ በፊት በወረቀቱ ላይ የቀረውን ልቅ ጭረት በለስላሳ ብሩሽ ይጠርጋል፤ አለዚያ ጭረቱ በኋላ ሲነሣ ነጭ ነጥብ ይተዋል። የማተሚያውም ራስ ወረቀቱን እንዳይፍቅ ከፍ ይደረጋል። ከዚያ በትንሽ ቁራጭ ላይ ይሞከራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጉድለትም አለው። የዋሺ ጥቁር ቀለም በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ እንደሚታየው አይጠልቅም። ዋጋውም ውድ ነው፤ ከሩቅ አገር ይመጣል። ነገር ግን የማያብረቀርቅና ለስላሳ በመሆኑ በጨርቅ ላይ የተሣለውን የጎንደር ሥዕል ጠባይ ከፕላስቲክ ባነር ይልቅ ይቀርበዋል። ወረቀቱን ማግኘት ባንችል እንኳ ትምህርቱ አይቀርብንም። የትኛውንም ቅጂ ስናሠራ ሦስቱን እንጠይቅ፦ ጭረቱ ምንድነው? ገጹ ተዘጋጅቷል? ቀለሙ ብርሃን ይችላል?

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ ይቅደም። ሥዕሉ የደብሩ ነው፤ ፎቶ የሚነሣው ካህናቱ ሲፈቅዱ ነው፤ ያውም ያለ ፍላሽ፣ በተስተካከለ ብርሃን። ከታተመ በኋላ ከግርጌው ቅጂ መሆኑን፣ ዋናው የት እንዳለና የተቀዳበትን ዘመን እንጻፍ። ክፍል ውስጥ ስንሰቅለውም ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት እናርቀው።

ተማሪው ቅጂውን አይቶ «ዋናውስ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «እዚሁ አገራችን፣ በቦታው» የሚል ይሁን። የአባ እንጦንስን ሥዕሎች በተመለከተ ይህን መልስ መስጠት አንችልም። ስለቀሩት ግን እንድንችል ቅጂ የመሥራትን ጥበብ እንወቅ፣ ዋናውንም እንጠብቅ።