በሰንበት የበሰለን ምግብ ስለ ማሞቅ፤ የቤተ እስራኤልና የረቢዎች ሥርዓት

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 ቁጥር 3 በሰንበት ቀን በማደሪያ ሁሉ እሳት እንዳይነድ ታዝዟል። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ነገር ግን ዓርብ የተቀጣጠለው እሳት ሰንበት ሲገባ መጥፋት አለበትን ወይስ እንደ ነደደ ሊቆይ ይችላል ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ከዚህ የተነሣ አንዱን ኦሪት የሚቀበሉ ማኅበሮች የተለያየ ገበታ ዘረጉ።

በወገራ፥ በደምቢያ፥ በስሜንና በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ትእዛዙን በሙሉ ጥብቅነቱ ያዙት። ዓርብ ዳቦው ይጋገራል፤ ወጡ ይሠራል፤ ውሃው ይቀዳል፤ ሰውም ገላውን ታጥቦ ንጹሕ ልብስ ይለብሳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል፤ መብራትም አይበራም። በደጋው ብርድ እንኳ ቢሆን ቅዳሜ የሚበላው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። ሥርዓቱ የሚደገፈው በመጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 2 እና 50 ሲሆን፥ መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ከእርሱም ቀጥሎ ዮሴፍ ሃሌቪ በ1902 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ያሳተመው «ትእዛዘ ሰንበት» ይጠቀሳል።

ይህ ልማድ ከማኅበሩ ውጭም የታወቀ ነበር። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ክርስቲያኖች ቅዳሜን የሚያከብሩት በቅዳሴ እንጂ፥ አይሁድ እንደሚያደርጉት እሳት ባለማንደድና ወጥ ባለመሥራት እንዳልሆነ አስረድተዋል። ልዩነቱ እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖር ኦርቶዶክሳዊ ቅዳሜን ሰንበት ብሎ ሲያከብር ወጡን ከማሞቅ አይከለከልም።

ረቢዎች ቃሉን «አታንድዱ» እንጂ «አጥፉ» አይልም ብለው ተረጐሙት። በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና በሰንበት ክፍሉ፥ በ3ኛውና በ4ኛው ምዕራፍ፥ ሦስት ነገሮችን ይለያል። የመጀመሪያው ማቆየት ነው፤ ዓርብ የተጣደ ድስት ፍሙ ከተጠረገ ወይም በአመድ ከተዳፈነ በምድጃው ላይ ያድራል። መዳፈኑ ያስፈለገው ሰው ምግቡ እንዲፈጥንለት ፍሙን እንዳይቈሰቍስ ነው። ሁለተኛው መመለስ ነው፤ የወረደው ድስት ፈጽሞ የበሰለና ገና ትኩስ ከሆነ፥ ያወረደውም ሰው ሊመልሰው አስቦ ከእጁ ካልለየው፥ ወደ ተዳፈነው ምድጃ ሊመለስ ይችላል። ሦስተኛው መሸፈን ነው፤ ዓርብ ድስቱን በልብስ ወይም በላባ መጠቅለል ሲፈቀድ፥ ሙቀት በሚጨምር በፍግ ወይም በኖራ ውስጥ መቅበር ተከልክሏል።

ፈጽሞ ስለ ቀዘቀዘ ምግብ የወጣው ደንብ ደረቁን ከፈሳሹ ይለያል። አንድ ጊዜ የበሰለ ደረቅ ምግብ ዳግመኛ በሰለ ስለማይባል፥ በምድጃው ላይ ባለ ሌላ ድስት አናት ተቀምጦ ሊሞቅ ይችላል። መረቅን ግን ዮሴፍ ካሮ በ1565 እ.ኤ.አ. በታተመው «ሹልሐን ዓሩክ» ከቀዘቀዘ በኋላ ማሞቅ እንደ አዲስ ማብሰል እንደሚቆጠር ወሰነ። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው ማይሞኒደስ ከዚህ ይለያል፤ እርሱን የሚከተሉ የየመን አይሁድም መረቁን ያሞቃሉ። እንግዲህ በደምቢያ ዓርብ ተሠርቶ የቀዘቀዘው ወጥ በካሮም ፍርድ አይሞቅም ነበር፤ ክልከላው አንድ ሲሆን ምክንያቱ የተለያየ ነው።

በሌላ በኩል፥ ልክ እንደ ቤተ እስራኤል ቀራውያንም እሳትን ያጠፉ ነበር። በዚህ ክርክር ምክንያት ትኩስ ምግብ የእምነት መለያ ሆነ፤ በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው ረቢ ዘራኽያ ሃሌዊ በሰንበት ትኩስ የማይበላ ሰው በመናፍቅነት ሊጠረጠር እንደሚገባ ጽፏል። ስለዚህ ለጎንደሩ ቄስ የታማኝነት ምልክት የነበረው ቀዝቃዛ ወጥ፥ በአውሮፓ መምህራን ዘንድ የክሕደት ምልክት ሊመስል ይችል ነበር። የልማዱ መመሳሰል ግን ቤተ እስራኤል ከቀራውያን መማራቸውን አያረጋግጥም፤ ሁለቱም አንዱን ቃል እንደ ፊደሉ ከማንበብ ሊደርሱበት ይችላሉ።

ዣክ ፋይትሎቪች ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተመላለሰ፥ የዓርብ ማታ መብራት ማብራትን የመሰለ የረቢዎች ልማድ ለማስገባት ደከመ፤ በ1923 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤትም ታምራት አማኑኤል መራው። ዋናው ለውጥ የመጣው ግን በስደት ነው። ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የተጓዙት ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ሲሆን፥ ቀኖቹ ዓርብና ቅዳሜ ነበሩ፤ በረቢዎች ሕግ ነፍስን ማዳን ሰንበትን ይሽራል። በዚያ አገር ከዓርብ ጀምሮ ሲግል የሚያድር የኤሌክትሪክ ምድጃ ጠበቃቸው። እሳቱን ማጥፋትም ሆነ ማዳፈን ከአንድ ትእዛዝ የተወለደ አክብሮት ነውና፥ የቀዘቀዘውን ገበታ ሕግን ካለማወቅ የመጣ አድርጎ መቍጠር የታሪክ ስሕተት ነው።