ባቡር የምታዝዘው ትንሿ ኮምፒውተር

የኤቲኤም ካርድ የምታህል ኮምፒውተር አለች። ስሟ ራስፕቤሪ ፓይ ይባላል። ሽፋን የላትም፤ የራሷ ስክሪንና ኪቦርድም የላትም። ስትታይ ጥቃቅን ዕቃዎች የተደረደሩባት አረንጓዴ ሰሌዳ ናት። ኤሌክትሪክ የምታገኘው የስልክ ቻርጀር በሚመስል ገመድ ነው። የምታስታውሰውን ሁሉ የምታስቀምጠውም በስልካችን ውስጥ በምንከተው ዓይነት ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው።

ይህችን ኮምፒውተር ያሰቧት በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ የነበሩት ኢበን አፕተንና ባልደረቦቹ ናቸው። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊማሩ የሚመጡ ወጣቶች ቁጥርም ችሎታም እየቀነሰ መሄዱ አሳስቧቸው ነበር። ስለዚህ ልጅ እየነካካ የሚማርባት፣ ብትበላሽም ወላጅ ብዙ የማይደነግጥባት ርካሽ ኮምፒውተር ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ሲያቀርቧት ዋጋዋ 35 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሷ የሚወደዱም የሚረክሱም እህቶች ወጥተውላታል።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ስለ እሷ እንድጽፍ ያደረገኝ ከሞዴል ባቡር ጋር ያላት ጉዳይ ነው። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ ሁለቱም የሚያውቁትን እያዋጡ የሚሠሩት ሥራ በዚህ ዘመን ስንት አለ? ይህ አንዱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ለአዋቂም የሚሆን ባቡር

ሞዴል ባቡር በጀርመን፣ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በጃፓን አዋቂዎች ጭምር ዕድሜ ልካቸውን የሚይዙት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። በብዛት የሚታወቀው መጠን ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሃምቡርግ ከተማ ውስጥ ሁለት መንትያ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2001 የከፈቱት ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የተባለ ትርኢት አለ። ከ1000 በላይ ትንንሽ ባቡሮች ተራራውን፣ ከተማውንና ወደቡን እያቋረጡ ይሄዳሉ፤ የሚመሯቸውም ኮምፒውተሮች ናቸው።

በጀርመን ከሚኖሩት ወገኖቻችን አንዷ ልጄ ናት። እሷን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ ከአባቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። ልጁ አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን አንዱን ቃል ይዞ ሌላው ይጠፋበታል። እኔም ጀርመንኛ አላውቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሰላምታና ከ"ብላ"፣ "ልበስ" ያላለፈው ጨዋታችን መንገድ ያገኘው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሁሉም ይሰማል፣ የተጠራው ይነሣል

በቀድሞው አሠራር ባለቤቱ ለሐዲዱ ኤሌክትሪክ ይለቃል፤ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፣ ሲቀንስ ይዘገያል። ችግሩ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ካሉ ሁለቱም አብረው መነሣታቸው ነው። ለዚህ መፍትሔ የሆነው በ1980ዎቹ በጀርመን ሌንዝ በተባለ ኩባንያ የተጀመረውና በኋላ የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር ደረጃ ያወጣለት ዲሲሲ የሚባል አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ሐዲዱ ላይ ዘወትር ኤሌክትሪክ አለ፤ ትእዛዙም ከኤሌክትሪኩ ጋር አብሮ ይጓዛል። በእያንዳንዱ ባቡር ሆድ ውስጥ ዲኮደር የምትባል ትንሽ ሰሌዳ አለች። ሁሉም ዲኮደሮች ትእዛዙን ይሰማሉ፤ የሚታዘዘው ግን ቁጥሩ የተጠራው ብቻ ነው።

የጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል ደጃፍ ላይ ወረፋ የጠበቀ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ነርሷ ስም ስትጠራ አዳራሹ ሁሉ ይሰማል፤ ከወንበሩ የሚነሣው ግን አንድ ሰው ነው።

ጠሪዋን የሚያግዘው ሶፍትዌር ጄኤምአርአይ ይባላል። የጀመረው ቦብ ጃኮብሰን የተባለ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ የሚገኝ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ ብዙ በጎ ፈቃደኞች ይሠሩበታል። በነፃ ይወሰዳል። ነፃ ማለት ግን ሥርዓት የሌለው ማለት አይደለም። አንድ የንግድ ሰው ከዚሁ ሥራ ወስዶ የሠሪዎቹን ስም ሳይጠቅስ ተጠቅሟል ተብሎ ተከሶ ነበር። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2008 በነፃ የተሰጠ ሶፍትዌር ላይ የተቀመጠ ግዴታ በቅጂ መብት ሕግ ሊከበር ይችላል ሲል ወሰነ። በጓደኞቻቸው ደብተር ለሚገለብጡ ልጆች ይህን ታሪክ መንገር አይከፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ትንሿ ኮምፒውተር ባቡሩን በቀጥታ አታንቀሳቅስም። በዩኤስቢ ገመድ የትእዛዝ ጣቢያ ከሚባል ዕቃ ጋር ትገናኛለች፤ ለሐዲዱ ኃይልና ምልክት የሚሰጠው እሱ ነው። ሐኪም መድኃኒት ይጽፋል፣ የሚያድለው ፋርማሲው ነው እንደማለት ነው። የትእዛዝ ጣቢያውን ገዝቶ መጠቀም ይቻላል። አርዱዊኖ በተባለች ርካሽ ሰሌዳና ዲሲሲ-ኢኤክስ በተባለ ነፃ ሶፍትዌር ራሳቸው የሚሠሩትም ብዙ ናቸው።

የባቡሮች ካርድ ክፍል

ከጄኤምአርአይ ሥራዎች ሁሉ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ቶሎ የሚገባው ካርድ ክፍሉ ነው። ለእያንዳንዱ ባቡር አንድ ካርድ ይከፍታል። በካርዱ ላይ የባቡሩ ስም፣ ቁጥሩ፣ ፋብሪካው፣ የባለቤቱ ስምና ማስታወሻ ይሰፍራል። አዲስ ባቡር ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ 3 ነው። ስለዚህ ሁለት አዲስ ባቡሮች ሐዲድ ላይ ሲወጡ በአንድ ጥሪ ሁለቱም ይነሣሉ።

"እማዬ፣ ሁለቱም ሄዱ!" አለኝ ልጁ እየሳቀ።

"አንድ ካርድ ለሁለት ታካሚ አይሰጥማ" አልኩት። ሙያዬን የጠየቀኝና በሚገባው ቋንቋ ያስረዳሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቁጥር ሁለት ሰው ላይ ሲወድቅ የአንዱ መርፌ ለሌላው ሊወጋ እንደሚችል ስነግረው ሳቁን አቆመ።

ቁጥር የሚቀየረው ባቡሩን ለብቻው በተለየ አጭር ሐዲድ ላይ አውጥቶ ነው። ሌላ ባቡር አብሮት ካለ ያም ይቀየራል። ከቁጥሩ ሌላ የሚስተካከሉ ብዙ መስመሮች አሉ። ለምሳሌ ሦስተኛው መስመር ባቡሩ ሲነሣ ምን ያህል ቀስ እያለ እንደሚፈጥን፣ አራተኛው ደግሞ ሲቆም እንዴት እንደሚበርድ ይወስናሉ። ቁጥራቸው ከፍ ሲል ባቡሩ እንደ እውነተኛው እያዘገመ ይነሣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ለልጅ ለመንገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኘሁም።

የሥራ ክፍፍላችን እንዲህ ሆነ። እኔ በወረቀት ካርድ ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ አነሣስ፣ አቋቋም፣ መብራት፣ ጥሩምባ። እሱ ካርዱን ጮክ ብሎ አንብቦ ወደ ኮምፒውተሯ ያስገባል። ተሳስቶ ካነበበ ባቡሩ የተሳሳተውን ይሠራል፤ ስለዚህ የሚያርመው እኔ ሳልሆን ባቡሩ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቤቱን ሰው ሁሉ በአማርኛ "ተነሣ"፣ "በርድ"፣ "ቁም" ማለት ጀምሮ ነበር።

ስልኩስ?

የልጆቻችን ዓይን ከስልክ ላይ አልነሣ ማለቱ የሁላችንም ስሞታ ነው። ጄኤምአርአይ የገባባት ትንሽ ኮምፒውተር በዋይፋይ አማካይነት ስልክን የባቡር መንጃ ታደርጋለች። ልጁ ስልክ ይይዛል፤ ዓይኑ ግን ሐዲዱ ላይ ነው፤ ካላየ ባቡሩ ይወድቅበታልና።

ባቡርና ኮምፒውተር መተዋወቃቸውም አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ኤምአይቲ በተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተ የተማሪዎች የሞዴል ባቡር ክበብ አለ። ሐዲዳቸውን በስልክ ማዞሪያ ዕቃዎች ሲያዙ የነበሩት ተማሪዎች በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ተቋሙ ኮምፒውተር ዞረው፣ ከመጀመሪያዎቹ ጎበዝ የፕሮግራም ጸሐፊዎች መካከል ሆነዋል።

እንደ ነርስ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የዘፋኙ የኒል ያንግ ሥራ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትና መናገር የማይችል ልጁ ባቡሮቹን ራሱ እንዲያዝ ሲል የተለየ መቆጣጠሪያ ሠራለት። በ1990ዎቹ ከታወቀው የባቡር ሠሪ ከላየነል ጋር ሆኖ የቁጥጥር ዘዴዎችን እስከ ማበልጸግ ደረሰ። እጁ እንደልቡ የማይታዘዝለት ልጅ "ሂድ" ሲል የሚሄድለት ነገር ማግኘቱ ምን ማለት እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ልጅ በቤታችሁ ያለ ወላጆች ታውቁታላችሁ። በትንሿ ኮምፒውተር ላይ ያሉት 40 ጥቃቅን እሾሆች አብዛኞቹ ማብሪያና መብራት የሚገናኝባቸው ናቸው፤ አንድ ትልቅ ቁልፍ ማገናኘት ለሚያውቅ ሰው ከባድ ሥራ አይደለም።

ሐዲድ ሳይገዙ መጀመር

ባቡርና ሐዲድ ውድ ነው፤ እዚህ አገር ላለን ደግሞ ከውጭ መምጣት አለበት። ሆኖም ለመጀመር ግድ አይሆንም። ጄኤምአርአይ የትእዛዝ ጣቢያ ሳይኖር እንዳለ አድርጎ የሚሠራ የመለማመጃ መንገድ አለው። በራስፕቤሪ ፓይ ብቻ ሳይሆን በቤት ባለ ላፕቶፕም ይሠራል። ልጁ በወረቀት ላይ ሐዲድ ይሥል፤ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ በአዳማ አድርጎ እስከ ድሬዳዋ። ከዚያ ሥዕሉን በስክሪን ላይ ያውጣው፤ መገንጠያዎችንና መብራቶችን ያስቀምጥ።

ኮምፒውተሯ ካለች ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ አምፖሎች በማገናኘት የባቡር ምልክት መሥራት ይቻላል። መብራት ከሚገናኝባቸው እሾሆች የሚወጣው 3.3 ቮልት ብቻ ነው። አምፖሎቹ ኤልኢዲ የሚባሉት ይሁኑ፤ ለእያንዳንዱም ሬዚስተር የምትባለውን ትንሽ ዕቃ ማስገባት አትርሱ።

ጥንቃቄ

ትንሿ ኮምፒውተር የምትሠራው በ5 ቮልት ነው፤ የሐዲዱም ኃይል አነስተኛ ነው። አደጋው ያለው ከግድግዳው ሶኬት ላይ ነው። የተላጠ ገመድ፣ የተደራረበ ማከፋፈያና በአጠገቡ የተቀመጠ ውኃ አይኑር። ሁለቱ ሐዲዶች በብረት ከተገናኙ ሙቀት ይፈጠራል፤ ስለዚህ ሐዲዱ ላይ ኃይል ትቶ ከክፍሉ መውጣት አይገባም።

ብሎኖችና ጎማዎች ጥቃቅን ናቸው፤ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በሚድህበት ወለል ላይ አይዘርጉ። ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ድንጋይ የዋጠ ልጅ ካለ ደኅና ቢመስልም ሰዓት ሳታባክኑ ሆስፒታል ውሰዱት። ሽቦ የሚበየድበት ቀጭን ብረት እርሳስ ሊኖርበት ይችላልና ብየዳው የአዋቂ ይሁን፤ ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ኮምፒውተሯን በሥርዓት ሳትዘጉ ገመዷን አትንቀሉ። እየጻፈች ሳለ ኃይል ከተቋረጠባት ሚሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ የካርዱን ግልባጭ በሌላ ቦታ አስቀምጡ። የወረቀቱን ካርድም አትጣሉ፤ መብራት ቢጠፋም ይነበባል።

ለመጀመር የምታስቡ አያቶች "እኔ ኮምፒውተር አላውቅም" ብላችሁ ከጠረጴዛው አትራቁ። ትየባውን ለልጁ ተዉለት። መዝገብ መያዝ፣ አንድ በአንድ መሥራት፣ ደግሞ ማረጋገጥና መታገሥ ግን የእናንተ ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ የሚፈልገው በብዛት እሱን ነው። በመጀመሪያው ቀን ባቡር ከመንዳት በፊት የሐዲዱ ኃይል የሚጠፋበትን ቁልፍ ልጁ አሥር ጊዜ ተጭኖ ይለማመድ። ማቆም ያወቀ ልጅ ነው መንዳት የሚፈቀድለት።